ዲኤንኤ እንደ መለኪያ፦ በውሃ ውስጥ የሚገኝ እርሳስን በቀለም መለየት



ዲኤንኤ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የዘር ውርስን ነው። ይኸው ሞለኪውል ግን በቤተ ሙከራ ተሠርቶ ኬሚካሎችን ለመለየትም ያገለግላል። ዛሬ በምሳሌነት የማቀርበው የእርሳስን ባዮሴንሰር ነው። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል፤ በውሃ ውስጥ ሟሙቶ ሲገኝ ግን በዓይንም ሆነ በምላስ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጊዜያዊ መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው።

ባዮሴንሰር ሁለት ክፍሎች አሉት፦ አንደኛው ተፈላጊውን ነገር ይለያል፤ ሁለተኛው መለየቱን ወደሚነበብ ምልክት ይለውጣል። ለመጀመሪያው ክፍል መሠረት የጣሉት ብሬከርና ጆይስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 በዘፈቀደ ከተሠሩ እጅግ ብዙ የዲኤንኤ ሰንሰለቶች መካከል፣ በእርሳስ አዮን እየታገዙ የአርኤንኤን ትስስር የሚቆርጡትን ደጋግመው በማጣራት መረጡ። እንዲህ ያለው ዲኤንኤ ዲኤንኤዛይም ይባላል።

ሁለተኛውን ክፍል በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጁዌን ሊዩና ዪ ሉ በ2003 በወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ሠሩት። የተበታተኑ የወርቅ ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ ቀይ፣ የተሰባሰቡት ደግሞ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። በመካከሉ አንድ የአርኤንኤ ፊደል ያለበት ሰንሰለት ቅንጣቶቹን እንደ ድልድይ ያገናኛል። እርሳስ ከሌለ ድልድዩ ጸንቶ መፍትሔው ሰማያዊ ይሆናል፤ እርሳስ ካለ ዲኤንኤዛይሙ ድልድዩን ስለሚቆርጠው ቀይ እንደሆነ ይቀራል።

ታዲያ ሰማያዊ ቀለም ያየ ሰው ውሃው ንጹሕ ነው ለማለት ይችላልን? አይችልም። በመጀመሪያ፣ መሣሪያው ያኔ ሊለይ የቻለው ዝቅተኛ መጠን 100 ናኖሞላር፣ ማለትም በሊትር 20 ማይክሮግራም ገደማ ነበር፤ ይህም ከመመሪያው እጥፍ ነው። ሁለተኛ፣ ዲኤንኤዛይሙ የሚያገኘው ሟሙቶ ነጻ የሆነውን አዮን እንጂ ከደለል ጋር የተጣበቀውን እርሳስ አይደለም። ሦስተኛ፣ ዲኤንኤዛይሙ በዚያ ውሃ ውስጥ መሥራት ተስኖት ሊሆን ይችላል። ቀዩም ቢሆን ያሳስታል፤ ጨው ካነሰ ሰንሰለቶቹ ስለማይጣመሩ እርሳስ ሳይኖር ቅንጣቶቹ ተበታትነው ይቀራሉ።

ስለዚህ ከናሙናው ጎን ሁለት ተጨማሪ የሙከራ ቱቦዎች ያስፈልጋሉ። በአንደኛው የታወቀ መጠን ያለው እርሳስ ይጨመራል፤ ቀይ ካልሆነ መሣሪያው አልሠራም። በሌላው አንድ ፊደሉ ተለውጦ መቁረጥ የተሳነው ዲኤንኤዛይም ይገባል፤ ሰማያዊ ካልሆነ ቅላቱ የመጣው ከመቆረጥ አይደለም። የናሙናው ቀለም ትርጉም የሚኖረው እነዚህ ሁለቱ እንደተጠበቀው ሲሆኑ ነው፤ ያን ጊዜም ሰማያዊው የሚመሰክረው ነጻው እርሳስ ከመለያው ወሰን በታች መሆኑን ብቻ ነው።