ቆጣሪው ሞልቶ ዜሮ ሲሆን

ብዙዎቻችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የድሮውን የመብራት ቆጣሪ እናስታውሳለን። አምስት አኃዝ ብቻ ያለው ቆጣሪ 99999 ከደረሰ በኋላ ቀጥሎ የሚያሳየው 100000 ሳይሆን 00000 ነው። ቤቱ የተጠቀመው መብራት የትም አልሄደም፤ የጠፋው ለስድስተኛው አኃዝ የሚሆን ቦታ ነው። ኮምፒውተርም፣ የእጅ ስልክም፣ የሆስፒታል መሣሪያም ቁጥር የሚይዙበት ቦታ ልክ አለው። ነገሩ የሂሳብ ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ግን እስከ ሰው ሕይወት የሚደርስ ነው።

ስምንት ማብሪያ ማጥፊያዎች

ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሁሉ በሁለት ነገር ይጻፋል፤ በ1 እና በ0። እንደ አምፖል ነው፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። አንዱ ቦታ ቢት ይባላል፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። የልጅ ልጅዎ ይህን የቤት ሥራ ይዞ ቢመጣ እንዲህ ብለው ያስረዱት፦ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሁለት ዓይነት ሁኔታ ይገኛል፤ በሁለት አራት፣ በሦስት ስምንት። አንድ በተጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ስምንት ላይ ሲደርስ 256 ነው። ዜሮም አንዱ ስለሆነ አንድ ባይት የሚቆጥረው ከ0 እስከ 255 ነው። 255 ላይ አንድ ቢጨመርበት ስምንቱም ይጠፉና እንደገና 0 ይሆናል።

በሕሙማን ላይ የደረሰው

ቴራክ-25 በካናዳ የተሠራ የካንሰር የጨረር ሕክምና ማሽን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ድረስ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር አረፈባቸው፤ ቢያንስ ሦስቱ ለሞት ተዳረጉ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ይኸው የቆጣሪ ነገር ነው።

ማሽኑ ጨረር ከመልቀቁ በፊት ዕቃዎቹ በቦታቸው መሆናቸውን ደጋግሞ ይፈትሻል። ፕሮግራሙ በዞረ ቁጥር አንድ ባይት ላይ 1 ይደምር ነበር። ባይቱ ከዜሮ ሌላ ከሆነ «ፈትሽ» ማለት ነው፤ ዜሮ ከሆነ «መፈተሽ አያስፈልግም» ማለት ነው። በ256ኛው ዙር ግን ባይቱ ሞልቶ ዜሮ ሆነ። ባለሙያው በዚያች ቅጽበት ቁልፉን ከተጫነ ፍተሻው ይዘለላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1987 በዋሽንግተን ግዛት በያኪማ ከተማ አንድ ታካሚ የተጎዳው በዚህ መንገድ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ 1 መደመሩን ትቶ ባይቱ ላይ ሁልጊዜ ዜሮ ያልሆነ አንድ ቁጥር ማስቀመጥ።

ከዚያ በፊት የነበሩት ማሽኖች አደጋን የሚያግድ የብረትና የኤሌክትሪክ መቆለፊያ ነበራቸው። በዚህኛው ግን አብዛኛው ለፕሮግራሙ ተተወ። ለእኔ ለነርሷ ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላው ነገር ነው። ከሕሙማኑ መካከል «አቃጠላችሁኝ» ያሉ ነበሩ፤ የተሰጣቸው መልስ ግን ማሽኑ እንዲህ ሊያደርግ አይችልም የሚል ነበር። በሽተኛ የሚናገረው ከማሽን ቁጥር ጋር ሲጋጭ መጀመሪያ መሰማት ያለበት በሽተኛው ነው።

ቤት ውስጥ ምን ይጠቅመናል?

የደም ግፊት መለኪያ ወይም ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ያላችሁ፣ ቁጥሩ ከሰውየው ሁኔታ ጋር ካልተስማማ አትደናገጡ። አምስት ደቂቃ አሳርፉትና ድገሙት። እጁ ከቀዘቀዘ አሙቁት፤ የጥፍር ቀለም ካለ አስለቅቁ። የልብ ምቱንም በጣታችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ሰውየው ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ካመመው ወይም ራሱን ከሳተ ግን የመለኪያው ቁጥር ደህና ነው ብላችሁ ቤት አታቆዩት፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሌላው ብዙ ሰው የሚጣላበት ነገር ፍላሽ ነው። 64 ጊጋ ተብሎ የተገዛ ፍላሽ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 59 ጊጋ ገደማ ያሳያል። ይህ ስርቆት አይደለም። አምራቹ አንድ ጊጋ የሚለው 1,000,000,000 ባይት ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በእጥፍ እጥፍ ስለሚቆጥር 1,073,741,824 ባይት ነው ይላል። ዕቃው ያው ነው፤ ልዩነቱ የመስፈሪያው ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ግን ለሻጩ መልሱ።

የጥምቀት ዕለት ንጋት

ገና ያልደረሰ ሌላ ቆጣሪም አለ። ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚያውቁት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችንም በሚይዝ 32 ቢት ውስጥ መያዝ የሚቻለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ይህ የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያልታደሱት መሣሪያዎች ቀኑን እ.ኤ.አ. ወደ 1901 ይመልሱታል። አዳዲሶቹ 64 ቢት ስለሚጠቀሙ ይህ ችግር የለባቸውም። ያገለገሉ የሕክምና መሣሪያዎችን የምትገዙ ወይም በእርዳታ የምትቀበሉ የክሊኒክ ባለቤቶች ግን ከአሁኑ ጠይቁ፤ «ይህ ዕቃ ከ2030 በኋላ ቀኑን በትክክል ያውቃል?» በሉ። የመድኃኒት ሰዓትና የምርመራ ውጤት በተሳሳተ ቀን ከተመዘገበ ሐኪሙን ያሳስታል።

ልጆቻችሁም ኮምፒውተር ሲማሩ ይህን አብራችሁ ንገሯቸው፦ ቁጥር ከመጻፍ በፊት «ቦታው ሲሞላስ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ የሰው ነፍስ ያተርፋል።