እግር ከተቆረጠ በኋላ፦ ለባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ጎረቤቶቼና ለአስታማሚዎቻቸው
የሌለው እግር ሲያቃጥል ወይም ጣቱ ሲያሳክክ የሚሰማው ሰው አላበደም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ አንጎል እግሩን ገና አልረሳውም። እባካችሁ ደብቃችሁ አትሰቃዩ፤ መድኃኒት አለው፣ መስታወት ፊት የሚሠራ እንቅስቃሴም ብዙዎችን ይረዳል።

አስታማሚዎች፣ ከጉልበት ሥር ትራስ አታድርጉ። ለምቾት አስባችሁ ነው፤ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ከቀረ በሰው ሠራሽ እግር መራመድ ይከብዳል።

ቀሪውን እግር፣ ማለትም ከተቆረጠው እግር የተረፈውን ክፍል፣ ማታ ማታ በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። በባሕር ዳር ሙቀት ላብ ቆዳን ቶሎ ያቆስላል።

በከተማችን ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የቆየ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ስትሄዱ ቀድመው መራመድ የጀመሩትን አነጋግሩ፤ እኛ ባለሙያዎች የማንነግራችሁን ይነግሯችኋል። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ እግር ከወራት በኋላ ቢሰፋችሁ አውልቃችሁ ጥግ አትጣሉት፤ ቀሪው እግር ስለሚሳሳ ነውና ለማስተካከል ተመለሱ።