አባባ፣ ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?

«አባባ፣ ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?»

«ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት።»

አስተርጓሚው በስልክ እንደወረደ ያስተላልፋል። ነርሷ ግድግዳው ላይ 2026 የሚለውን ታይና «ግራ ተጋብተዋል» ብላ ትመዘግባለች። ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ሰዓት ብትጠይቃቸውማ «ሦስት» ነው የሚሏት! እኔ እዚህ ኮሎምበስ ሌሊት ሌሊት የልብ ቀዶ ጥገና ታካሚዎችን ስለምጠብቅ ነው ይህን ሹክ የምላችሁ።

የባሰው ግን ተቃራኒው ነው። ልጅ ሲያስተረጉም አባቱ የዘባረቁትን አቃንቶ ያቀርባል፤ ገመና መሸፈኑ ነው። ያን ጊዜ እውነተኛው ዲሊሪየም ያመልጠናል።

ዲሊሪየም የምንለው ድንገት የሚመጣ፣ ቀን ሻል ብሎ ማታ የሚብስ የአእምሮ መዛባት ነው። ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ብቅ ይላል። ቤተሰብ «ልቡን ሲሠሩ ጭንቅላቱን ነኩት» ይላል፤ ጠበልም ይመጣል። (ጠበሉን አልቃወምም፤ ብቻ ከመጠጣቱ በፊት መዋጥ መቻላቸውን ጠይቁን።) የሚጮኸውንና ቱቦ የሚነቅለውን ማንም ያየዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም የሚለው፣ «ጨዋ ታካሚ» ተብሎ የሚመሰገነው ነው።

ለዲሊሪየም ከሚያጋልጡት ውስጥ ዕድሜን፣ የቀድሞ ስትሮክን፣ በልብና ሳንባ ማሽን ላይ የቆዩበትን ሰዓት፣ የተሰጣቸውን ደም ሐኪሞቹ ያውቁታል። የማያውቁት እናንተ የምትደብቁትን ነው። «አባታችን አይጠጣም» ትሉናላችሁ፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት እጃቸው ሲንቀጠቀጥና ግድግዳ ላይ ሰው ሲያዩ የማታ የማታዋ አረቄ ትጋለጣለች። «እርጅና ነው» ያላችሁት መርሳትም ትልቁ መንገድ ጠራጊ ነው። እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ብላችሁ በቦርሳ ያመጣችሁት ቤናድሪልም፣ ይቅርታ፣ እሳት ላይ ቤንዚን ነው።

የዲሊሪየም መፈተኛችን በ2001 (በፈረንጅ) በናሽቪሉ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው፤ ዐሥር ፊደል እናነባለን፣ «ኤ» ሲሰሙ እጃችንን ይጨብጣሉ። ከሁለት ጊዜ በላይ ከተሳሳቱ ትኩረታቸው እንደከዳቸው እንቆጥራለን። «ሀ ሁ» ብለው ላደጉ አባት ግን ኤ ምናቸው ናት? ስለዚህ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። እናንተ ደግሞ አጠገባቸው ሁኑና «ዛሬ አባታችን አይደሉም» የሚል ስሜት ሲመጣባችሁ ንገሩን፤ ከፈተናችን ይቀድማል።

ታኅሣሥ ላይ እዚህ በእኛ ሰዓት 11 እንዳለፈ ይጨልማል። ቀንና ሌሊቱ እንዳይምታታባቸው ቀን መጋረጃውን ክፈቱላቸው። መነጽራቸውንና የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያቸውንም ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ከስማቸው ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ እዚያው አልጋው አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነው።