ከደሴ ወደ ሐይቅ ቁልቁል፦ ያረጀ ፍሬን በአነስተኛ ወጪ ሲታደስ

ከደሴ ተነስቶ ወደ ሐይቅ የሚወርድ ሾፌር አንዳንዴ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል ፍሬኑን ቢረግጠው ፔዳሉ ይላላል፤ ደግሞ ሲረግጠው እስከ ወለሉ ይሰምጣል። እየደጋገመ በመርገጥና ማርሽ በመቀነስ እንደምንም መኪናውን ያቆማል። በማግስቱ ጋራዥ ወስዶ ሲያሳይ ግን ፍሬኑ ጤነኛ ነው፤ ፔዳሉ ጠንካራ፣ የሚፈስ ዘይት የለ፣ ፓዱም ገና ነው። ሜካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ ይመለስና «ምንም የለውም» ይላል። ሾፌሩ አልሐምዱሊላህ ብሎ ይሄዳል። የሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ ያው ነገር ይጠብቀዋል።

ይህ ፍሬን ተመልሶ የዳነ ይመስላል እንጂ አልዳነም። ማታ የከዳው ዘይቱ ስለፈላ ነው፤ ጠዋት የሠራው ስለቀዘቀዘ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምናየው፣ በአምባሰልና በተሁለደሬ መንገዶች ላይ የሚነዳ ተራ የቤት መኪና ያለቀ ፍሬን ሲታደስ ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል ቢወጣ እንደሚሻል ነው። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ የሚያብረቀርቀውን ይገዛል፤ ርካሹንና ነፍስ የሚያድነውን ይተወዋል።

ፍሬን የመኪናን ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀይራል፤ ሥራው ይኸው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ሐይቅ ከተማ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከነተሳፋሪውና ከነዕቃው 1,300 ኪሎ የሚመዝን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይህን 500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን፣ አንድ ሙሉ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በእርግጥ ከፊሉን ነፋሱ፣ ጎማውና ሞተሩ ይወስዱታል። ሾፌሩ በከፍተኛ ማርሽ እየወረደ ፍሬኑን ብቻ ካመነ ግን አብዛኛው የሚያርፈው ከፊት ባሉት ሁለት ዲስኮች ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው፣ ከሐይቅ በቢስቲማ አድርጎ ወደ ጭፍራ የሚወርደውም ከዚህ አይቀልም። ስለዚህ ለሜዳ ከተማ የሚበቃ ፍሬን ለወሎ አይበቃም። በሜዳ የሚነዳ ሰው ያረጀ ዘይቱን ለዓመታት ሳያውቀው ሊኖር ይችላል፤ እዚህ ግን ቁልቁለቱ ያስታውቅበታል።

ሙቀት ፍሬንን የሚያሸንፍባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱን መለየት ደግሞ ገንዘብ ይቆጥባል። አንደኛው የፓዱ መሸነፍ ነው። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ነው፣ እግርዎ በኃይል ይጫናል፣ መኪናው ግን አይይዝም፤ የተቃጠለ ሽታም ይከተላል። ያኔ ጥፋቱ ያለው በፓዱ ጥራትና በአነዳዱ ላይ ነው። ሁለተኛው ከላይ ያየነው የዘይት መፍላት ነው። ዘይት አይታመቅም፤ እግርዎ የሰጠውን ግፊት እንዳለ ወደ ጎማው ያደርሳል። ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ግን ይታመቃል። እግርዎ የሚገፋው አረፋውን ይሆንና ፓዱ ጋ የሚደርስ ነገር ይጠፋል። ወደ ጋራዥ ሲሄዱ «ፍሬኔ እምቢ አለ» ብቻ አይበሉ። ፔዳሉ ላልቶ ነበር ወይስ ጠንክሮ? ይህችን ይንገሩት፤ ሜካኒኩ ግማሽ ሥራው ቀለለለት ማለት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ብር የሚወጣው ለፍሬን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ክዳኑ ቢገጠምም በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ቀስ እያለ ይገባዋል። ዶት 3 የሚባለው አዲሱ ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል። ከ4 በመቶ ያነሰ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 በአዲስነቱ 230፣ እርጥበት ሲይዝ 155 ዲግሪ ነው። ዶት 3 የሚጠቀም መኪና ዶት 4 ቢደረግበት ይስማማዋል፤ የዋጋው ልዩነትም ትንሽ ነው። በዚህ አገር መሬት ላይ ከዚህ የበለጠ ርካሽ ማሻሻያ አላውቅም። ዶት 5 የሚባለው ግን ከሲሊኮን የተሠራ ሌላ ዘር ስለሆነ አይቀላቀልም፤ ቁጥሩ ስለበለጠ የተሻለ መስሎዎት እንዳይገዙ።

ለአነስተኛ መኪና አንድ ሊትር ይበቃል። የታሸገ ይግዙ፤ ከመደርደሪያ ላይ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ በነፃ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ። ሥራው ሙሉ መሆን አለበት፤ ከላይ ከማጠራቀሚያው ጥቁሩን ቀድቶ አዲስ መጨመር አይበቃም። የፈላው ዘይት የነበረው ታች ጎማው ጋ ነው። በአራቱም ጎማ በኩል፣ ንጹሕ ዘይት እስኪወጣና አየር ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ፣ አንዱ ፔዳል እየረገጠ ሌላው እየከፈተና እየዘጋ ይወጣል። በየሁለት ዓመቱ ይደገም። መንገድ ላይ ዘይት ሲጎድል የሞተር ዘይት ወይም ውሃ የሚጨምሩ አሉ። የሞተር ዘይት የፍሬን ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግዱትን ጎሚኒዎች ያሳብጣቸዋል፤ ውሃውም በመጀመሪያው ቁልቁለት ይፈላል። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ ሳይሆን የማስተር ሲሊንደሩና የሌሎቹ ሲሊንደሮች ሁሉ ዋጋ ነው።

ቀጥሎ ቸርኬው ይወጣል። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ማንም ሥር እንዳይገባ፤ የሚያቆመው ድጋፍ ይደረግለት። ከፊት ጎማ የወጡትን ሁለት ፓዶች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ብዙ ጊዜ የሚያዩት የውጭው ፓድ ግማሹ እንኳ ሳይነካ፣ የውስጡ ብረት እስኪነካ መበላቱን ነው። «ጋሼ፣ ይሄኛው ገና ነው፤ ያኛው ነው ያለቀው» ይላል የጋራዡ ልጅ፣ ሁለቱንም በመዳፉ ይዞ። ፓድ ብቻ ቀይሮ መልሶ የሚዘጋው ሰው በሽታውን አልነካውም። ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ካሊፐር ወደ ግራና ቀኝ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። ከውጫሌ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚወስደው የአፈር መንገድ አቧራና ጭቃ የለመደ መኪና ላይ የፒኖቹ ጎማ ይቀደድና ውስጡ ይዝጋል። ካሊፐሩ መንሸራተት ሲያቆም አንድ ፓድ ብቻውን ይሠራል፤ ሲለቁትም አይለቅም፣ እየነካካ ይሄዳል። ነዳጅ ይበላል፤ ቀን ሙሉም ያንን ዘይት ያሞቀዋል። መፍትሔው ፒኖቹን አውጥቶ ማጽዳት፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ መቀባትና የተቀደደውን ጎማ መቀየር ነው። ወጪው ከእጅ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። የግራ ጎማ ፓድ ከቀኙ ቀድሞ ካለቀ፣ ወይም ፍሬን ሲይዙ መሪው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ፣ መጀመሪያ እዚህ ይፈለግ።

አዲስ ፓድ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየር። ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ የግድ ነው። ቀጭን ፓድ ሙቀቱን ሳይከለክል ወደ ዘይቱ ያሳልፋልና ያለቀ ፓድና ያረጀ ዘይት አብረው ሲገኙ አንዱ የሌላውን አደጋ ያበዛል።

ከ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት ተወደደ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፤ መለዋወጫውም እየከበደ ነው። ስለዚህ ኦሪጅናል ፓድ ለመግዛት አቅም የማይፈቅድለት ሰው መኖሩን መካድ አይገባም። የሚቻለው መካከለኛውን በዓይን መርጦ መግዛት ነው። በብዙ ፓዶች ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ ከሚጻፈው ረጅም ኮድ መካከል ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። የመጀመሪያው ፓዱ በተለመደ ሙቀት፣ ሁለተኛው በጣም ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚይዝ ያመለክታሉ። «ኢ» ከ«ኤፍ» ያነሰ ይይዛል፤ «ጂ» ይበልጣል። ለእኛ መንገድ ሁለቱም «ኤፍ» የሆኑበት ጥሩ ነው። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው የወረደ ከሆነ ሲሞቅ እንደሚደክም እየነገረዎት ነው። ፊደሉ የመያዝ ኃይልን እንጂ ዕድሜን አይነግርም፤ ኮድ ጨርሶ የሌለውን ግን ይተዉት። ከሶማሌ ተራም ይምጣ ከደሴ ሱቅ፣ ያገለገለ ፓድ አይግዙ። በአሮጌ ብረት ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ ፓድ ደግሞ በሙቀት ሊላቀቅ ይችላል። የከባድ መኪና ሸራ በሪቬት ማስመታት የቆየና የታወቀ ሥራ ነው፤ የዲስክ ፓድ ግን እንደዚያ አይደለም።

የውድድር ፓድ፣ የተበሳሳ ዲስክ፣ ከሌላ መኪና የመጣ ትልቅ ካሊፐር የሚያቀርብልዎ ይኖር ይሆናል። የውድድር ፓድ ካልሞቀ አይይዝም፤ በደሴ የጥቅምት ማለዳ ብርድ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ገና አልሞቀም። ትልቅ ዲስክ ትልቅ ቸርኬ ይጠይቃል፤ የፊትና የኋላ ፍሬን ሚዛንንም ያዛባል። በዚያ ገንዘብ ጎማ ይግዙበት። መኪናውን በመጨረሻ አስፋልቱ ላይ የሚይዘው ጎማው ነውና፣ በላጨ ጎማ ላይ የተገጠመ ምርጥ ፍሬን በክረምት ዝናብ መንሸራተትን ብቻ ያፋጥናል።

ዲስኩ ከተቦረቦረ ወይም ፔዳሉ ከተንቀጠቀጠ ቶርኖ ቤት ይላጫል፤ ሆኖም ጠርዙ ላይ የተጻፈ ዝቅተኛ ውፍረት አለ። ብዙ ጊዜ በአዲሱና በዚያ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሁለት ጊዜ የሚላጭ ዲስክ ጥቂት ነው። ከመላጨቱ በፊት ይለካ፣ ከተላጨ በኋላም ይለካ።

የኋላው ታምቡር ሁልጊዜ ይረሳል። የፊቱ ፍሬን ከሥራው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን ስለሚሠራ የኋላው ሲደክም ቶሎ አይታወቅም። ምልክቱ ይህ ነው፦ አንዴ ሲረግጡ ፔዳሉ ዝቅ ይላል፣ ወዲያው ሲደግሙ ከፍ ይላል። ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው ትንሽ ጥርስ በአቧራ ይያዛል፤ አጽድቶ ማስተካከል ብቻ ፔዳሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ የእጅ ፍሬኑም አብሮ ይሻላል። ፔዳሉን ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ እያሳለፈ ነውና ያንን መኪና ወደ ቁልቁለት ይዘው አይሂዱ።

ታምቡር በተከፈተ ቁጥር የማያስችለኝ ነገር አለ። ተለማማጁ ልጅ ጥቁሩን አቧራ በኮምፕሬሰር፣ አንዳንዴም በአፉ እፍ ብሎ ያራግፈዋል። በአሮጌና ርካሽ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ወደ ሳንባ የሚገባው ብናኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር እንደሚያስከትል የታወቀ ነው፤ ብዙ አገሮችም ከልክለውታል። የሳሙና ውሃ በብሩሽ ይበቃል። ባለመኪናው «በውሃ አድርገው፣ እጠብቃለሁ» ካለ ልጁ ያደርገዋል።

ፍሬንዎ የሚጠነክርብዎት በደጋው ላይ ከሆነ አንድ ሌላ ምክንያት አለ። ፔዳሉን የሚያቀልልን ቡስተር የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እገዛው ራሱ ትንሽ ነውና የተሰነጠቀ የቫክዩም ቱቦ ካለ እዚህ ቶሎ ይታወቃል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ሾፌር ደግሞ ይህን እገዛ ከሁለት ከሦስት እርግጫ በኋላ ፈጽሞ ያጣል። በዜሮ ማርሽ መውረድም አይቆጥብም፤ የዛሬ መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው ነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ለሞተሩ ነዳጅ ማቅረባቸውን ያቆማሉ። አንድን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ የሚወጡት ከሆነ በሁለተኛ ይውረዱት። አውቶማቲክ ከሆነ ማንሻውን ከ«ዲ» ወደ ዝቅተኛው ያውርዱት። ፍሬኑን ጫን ብለው ፍጥነቱን ቀንሰው ይልቀቁት፣ አየር ያግኝ፤ እግርን አሳርፎ እያሻሹ መውረድ ነው የሚያቃጥለው።

አዲስ ፓድ ከተገጠመ በኋላ ወዲያው ወደ ቁልቁለት አይሂዱ። ቀጥ ባለና ጭር ባለ መንገድ ላይ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ሳያቆሙ፣ እያረፉ ስምንት አሥር ጊዜ ያህል ፍጥነት ይቀንሱ፤ ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ትንሽ ነድተው ያቀዝቅዙት። ፓዱና ዲስኩ የሚላመዱት እንዲህ ነው።

አሁን እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲወርዱ የራሳቸውን ሞተር እንደ ጀነሬተር ስለሚጠቀሙ ፍሬናቸው ብዙም አይሞቅም። ግን ደሴ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ ቁልቁል የሚነሳ ሰው ይህን እገዛ በአብዛኛው ያጣዋል፤ የሞላ ባትሪ የሚመጣውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ 80 በመቶ ላይ ነቅሎ ይነሳ። የእነዚህ መኪኖች ዲስክም ሥራ ስለሚያንሰው ይዝጋል፤ ዘይታቸውም እንደማንኛውም እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ለቦሎ ምርመራ ሲሄዱ ቸርኬው ተከፍቶ ፒኖቹም ይታዩ።