«መጣሁ» ያለ ሰው መጥቷል ወይ? የእንግሊዝኛ ግሥ ለምን ያምታታናል

ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብለን ብዙዎቻችን ክፍል ውስጥ ያፈርንበትን ነገር እናውራ።

ቢቸና 9ኛ ክፍል እያለሁ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን ወደ ሰሌዳ ጠሩኝ። ከኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ «አይ ኬም ቲቸር!» አልኩ። «መጣሁ ትላለህ እንዴ? የት መጣህ?» ሲሉኝ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጄን አላወጣሁም።

ግን እስቲ እናስበው። እናታችን ከጓዳ ስትጠራን ምን እንላለን? «መጣሁ!» እንላለን፣ ገና ሳንነሳ። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ አማርኛዬን በእንግሊዝኛ ተናገርኩት።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአማርኛ ግሥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ድርጊቱ አልቋል ወይስ አላለቀም?» ብሎ ነው። ያለቀ ከሆነ «በላ»፣ ካላለቀ «ይበላል»። መቼ እንደሆነ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ከጎኑ ያለው ቃል ነው። «በየሳምንቱ ሞጣ እሄዳለሁ» እና «ነገ ሞጣ እሄዳለሁ» ስንል ግሡ ያው አንድ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለመጀመሪያው «አይ ጎ»፣ ለሁለተኛው «አይ ዊል ጎ» ብሎ ይለያቸዋል። ተማሪው «ቱሞሮ አይ ጎ» ብሎ ቢጽፍ ታዲያ ምን ይገርማል?

ሌላም አለ። «ነጭ ሸሚዝ ለብሷል» የምንለውን እንግሊዝኛ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ» ይለዋል። እኛ «እየለበሰ ነው» ካልን ሰውየው ገና እጅጌውን እያስገባ ነው። «ኢንግ ማለት እየ ነው» ተብሎ የተማረ ልጅ እዚህ ጋ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። «ትናንት መጥቷል» ደግሞ ለእኛ ምንም ችግር የለበትም፤ እንግሊዝኛ ግን «ሂ ሃዝ ካም» ካለ በኋላ «የስተርደይ»ን አይቀበልም።

ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። በ1967 እ.ኤ.አ. ፒት ኮርደር የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር የተማሪ ስህተት ተማሪው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ምልክት ነው ብሎ ጻፈ። በ1974 እ.ኤ.አ. ዱሌይ እና በርት የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ የሚማሩ የስፓኒሽና የቻይንኛ ተናጋሪ ልጆችን አወዳደሩ። የሁለቱ ቡድኖች ቅደም ተከተል ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፦ «ኢንግ» ቀድሞ ይያዛል፣ የኃላፊ ጊዜው «ኢድ» ቆየት ብሎ ይመጣል፣ «ሺ ጎዝ» ላይ ያለችው ትንሿ «ኤስ» ደግሞ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ናት። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ ተማሪ ኃላፊ ጊዜን መጀመሪያ የሚለጥፈው ማለቂያ ባላቸው ግሦች ላይ ነው፦ ሰበረ፣ ደረሰ፣ ወደቀ። እንደ «ፈለገ» እና «አወቀ» ያሉት ይዘገያሉ። ስለዚህ አንድ ልጅ «ብሮክ»ን በትክክል ጽፎ «ዋንትድ» ላይ ቢስት በመንገዱ ላይ ነው ማለት ነው።

ደግሞም የሌላ ቋንቋ ግሥ መማር ለምሥራቅ ጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። ለቢቸና ቅርብ በሆነው በዲማ ጊዮርጊስ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩበት፣ የቅኔ ተማሪ የግእዝ ግሥ ይገሣል፦ ቀደሰ፣ አመሰገነ፤ ይቄድስ፣ ያመሰግናል፤ ይቀድስ፣ ያመሰግን ዘንድ። ይቄድስን ሊቃውንቱ «ትንቢት» ይሉታል። ቅርጹ ስም አለው፣ የአማርኛ ፍቺው አጠገቡ ይቀመጣል። ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን ማስቀመጥ እዚሁ ደጃችን የኖረ ዘዴ ነው።

ሞጣ ውስጥ ማታ ማታ ተማሪ የሚያስጠና ጓደኛዬም ወደዚሁ ነው የደረሰው። የሰዋስው ሰንጠረዥ ማስሸምደዱን ትቶ ልጆቹን «እናትህ ገበያ ውላ ስትመለስ ምን ሆነ?» ብሎ ያስተርካቸዋል። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። ከዚያ «እዚህ ጋ አማርኛው ምን አለ? እንግሊዝኛውስ?» ብሎ ይጠይቃል። በአንድ ቀን የሚያርመውም አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ነው። «ድሮ ዝም የሚሉት ልጆች አሁን ይከራከሩኛል» ይላል።

ይሄ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም እንደዚያው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉን በቋንቋ አናሳብብም። ግን በ9ኛ ክፍል ተስቆበት አፉን የዘጋ ልጅ 12ኛ ላይ ጥያቄው እንዴት ይገባዋል?

መምህራን ሆይ፣ ልጁ «አይ ኬም» ሲላችሁ ከመሳቃችሁ በፊት «በአማርኛ ምን ልትል ነበር?» በሉት። መልሱ ውስጥ የዕለቱን ትምህርት ታገኙታላችሁ።

እናንተስ የተሳቀባችሁ የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን፣ አብረን እንፍታው።