ሁዱ ከፊት፣ ጭሱ ከጓሮ

ሥራዬ ቆርቆሮ ነው። አሸንዳ እሠራለሁ፣ የጣሪያ ክፈፍ አጥፋለሁ፣ የውኃ መውረጃ ቱቦ እገጥማለሁ። በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት ደብረ ማርቆስ አሸንዳ ሠሪ ሥራ አያጣም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ትእዛዝ ተጨምሯል፤ «ሁድ ሥራልኝ» የሚል። ሁድ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስና እንፋሎት እየተቀበለ ወደ ቱቦ የሚመራ ክዳን ነው።

ትእዛዙ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አዲስ ቤት ከሠራ ሰው ነው። ግድግዳው ሴራሚክ የለበሰ ኪችን አለ፣ የጋዝ ስቶቭ ተገዝቷል፣ ከላዩ የሚያብረቀርቅ ነገር እንዲሰቀል ይፈለጋል። ለክቼ ስጨርስ ጓሮ ብቅ ብዬ ማየት ልማዴ ነው። እዚያ አጥሩን ተጠግታ የቆመች የጭቃ ማድ ቤት አለች። ግድግዳዋ በጥቀርሻ ጠቁሯል፤ የባለቤቱ እናት ወይም የቤት ሠራተኛዋ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች እንጀራ ትጋግራለች። ሻይ በሚፈላበት ክፍል ሁድ ይሰቀላል፣ ቅጠል በሚነድበት ክፍል ግን አንዲት ቀዳዳ የለችም። ለባለቤቶቹ በግልጽ እነግራቸዋለሁ፤ ገንዘባችሁ ለአንድ ሁድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ምጣዱ ላይ ይሁን። ግማሾቹ ይስቃሉ። ግማሾቹ ይስማማሉ።

ደጋ ነን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወደ ጮቄ ተራራ በወጡ ቁጥር ብርዱ ይብሳል፣ በርና መስኮት ተዘግቶ ይነደዳል። ማገዶው ባህር ዛፍ ነው፤ ጭራሮው፣ ቅጠሉ፣ ሲጠፋም ኩበት። ቅጠሉ ምጣዱን ቶሎ ያግለዋል፣ ጭሱ ግን ዓይን አያስገልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከዚህ ውስጥ የሕፃናት የሳንባ ምች አለበት፤ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ማድ ቤት የሚውል ልጅ ጭሱን ከእናቱ እኩል ይተነፍሰዋል።

ማራገቢያ የሌለው ሁድ የሚሠራው በትኩስ አየር ነው። ጭሱ ስለሚሞቅ ወደ ላይ ይወጣል፣ እየወጣም ይሰፋል፤ የእኛ ሥራ ሰፍቶ ሳያመልጥ መቀበልና ወደ ቱቦ መምራት ነው። ለሆቴሎች እንጀራ የሚያቀርቡ የአንዲት እናት ማድ ቤት ጥሩ ማሳያ ነው። ምጣዳቸው እንደ አብዛኛው ምጣድ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ምድጃው ዝቅ ያለ ስለሆነ በዱካ ተቀምጠው ነው የሚጋግሩት። ሜትሬን ከማውጣቴ በፊት፣ «እትዬ፣ እንደ ወትሮዎ ይጋግሩ፤ እኔ ልይ» አልኋቸው። ሊጡን በጣሳ ከዳር ወደ መሐል እያዞሩ ሲያፈሱ ክንዳቸው የት እንደሚደርስ፣ ሰፌዱን ከየት በኩል እንደሚያስጠጉ አየሁ። አክንባሎውን ሲያነሡ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። «ልጄ፣ ግንባሬን እንዳይመታኝ እንጂ ሌላውን አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። የሁዱ የፊት ጠርዝ ከፍታ በግንባራቸው ልክ ተወሰነ።

ጠርዙ ምጣዱን በየጎኑ በ15 ሳንቲ እንዲያልፈው ወርዱን 90 አደረግሁት። ከኋላ ግድግዳው አለ፤ ግራና ቀኙን እስከ ምድጃው ድረስ በላሜራ ዘጋሁት፤ ከፊት 90 በ60 የሚሆን አፍ ብቻ ቀረ። ከሁሉም ይህ ይበልጣል። ከሱቅ የሚገዛው ሁድ ጎኑ ሁሉ ክፍት ሆኖ ከላይ ይንጠለጠላል፤ ማራገቢያ ስላለው ይችለዋል። የእኛን ግን በር ሲከፈት የሚገባ ነፋስ ጭሱን በጎን ይነጥቀዋል። ጎን የሌለው ሁድ ሥራልኝ ለሚል ሰው ገንዘቡን ለሊጥ ቢያደርገው ይሻላል እላለሁ።

ክርክር የሚነሣው ቱቦው ላይ ነው። ሰው ሁሉ 10 ሳንቲ ይበቃል ይለኛል፤ የሽንት ቤት መተንፈሻ አይቶ ነው መሰለኝ። የእሳት ቦታ የሚሠሩ ሰዎች የቆየ ስሌት አላቸው፤ የጭስ መውጫው ስፋት ከአፉ ስፋት 1/10 ያህል ይሁን ይላሉ። የእትዬ ሁድ አፍ 5,400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 540 ያስፈልጋል፣ በክብ ቱቦ ሲታሰብ ዲያሜትሩ 26 አካባቢ ይመጣል። የ25 ቱቦ ውስጡ የ10ሩን 6 እጥፍ ይሰፋል። ከፍታችንም አለበት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፣ ጭሱን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይልም አብሮ ይደክማል። ዋጋ መቀነስ ለሚፈልግ ከላሜራው ውበት እቀንስለታለሁ፤ ከቱቦው ግን አልቀንስም።

ጋልቫናይዝድ ላሜራ አልበይድም። ሲበየድ ዚንኩ ይቃጠላል፣ ጢሱ በያጁን ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ የተበየደው ቦታም ቀድሞ ይዝጋል። አጥፌ በመዶሻ እቀጠቅጣለሁ፣ ማዕዘኑን በሪቬት እይዛለሁ፣ ጠርዙን እጅ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ ደርቤ አጥፋለሁ። ቱቦ ሲገጠም ጀማሪ ሠራተኛ ሁሉ ይሳሳታል። ጭስ ወደ ላይ ስለሚሄድ የታችኛው ቱቦ በላይኛው ውስጥ ይግባ ይላል። ጭሱ ይወጣል፤ ከጭሱ የሚቀረው ጥቁር ቅጥራን ግን ይወርዳል፣ በተለይ እርጥብ ባህር ዛፍ ሲነድ። የላይኛው በታችኛው ውስጥ ካልገባ በየመጋጠሚያው እየተንጠባጠበ ሊጡ ላይ ያርፋል። የአሸንዳ መውረጃ ደንብ እዚህም ይሠራል።

ከጣሪያው በላይ ቱቦው ቢያንስ 90 ሳንቲ ይውጣ፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም የጣሪያ ጫፍም በ60 ሳንቲ ይብለጥ፤ አለዚያ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ያስገባዋል። ወራጁና ማገሩ ከቱቦው አንድ ክንድ ይራቁ። የሣር ክዳን ቤት ከሆነ ሥራውን አልቀበልም፤ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለች። ይህ ሁሉ ተደርጎ ማድ ቤቱ ግጥም ተደርጎ ከተዘጋ ጭሱ ንቅንቅ አይልም፤ የወጣውን አየር የሚተካ አየር ስለሚፈልግ በግድግዳው ሥር ከሁለት ጡብ ያላነሰ ቀዳዳ እተዋለሁ።

ምድጃው ከተለወጠ ደግሞ የእኔ ሥራ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አገር የተቀረጸውና ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቆጥባል። ጭሱ ከኋላ በድስት ማስቀመጫው በኩል ስለሚወጣ ሁዱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ማጥበብ ይቻላል። ሁድ በሌላም አገር ተሞክሯል፤ በኬንያ ካጂያዶ፣ በማሳይ ቤቶች ውስጥ፣ ዛሬ ፕራክቲካል አክሽን የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሴቶቹ ጋር ተመካክሮ የላሜራ ሁዶችን አሠርቷል፤ የጭሱ ብናኝም ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በኔፓል ተራራማ መንደር በጋትላንግ ሁድ የተመረጠው በብርዱ ምክንያት ነው፤ ሰው እሳቱን መሞቅ ይፈልጋል፣ ዝግ ምድጃ ደግሞ ሙቀቱን ይይዝበታል። ጮቄ ሥር ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። እንፋሎቱ እንደ ጭስ ስለማይግል ቱቦውን በራሱ ኃይል አይወጣውም፤ ማራገቢያ ይፈልጋል። የሚገዛ ሰው ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ እንዳለው ይመልከት። አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ እዚያው ክፍል የሚመልስ ዓይነት አለ፤ ሽታ ይቀንሳል እንጂ እንፋሎቱን አያወጣም። ከሰል ጭስ የለውም ብሎ ምድጃውን መኝታ ቤት የሚያስገባም አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። የከሰሉም ምድጃ ሁዱ ሥር ይቀመጥ።

ቱቦው ሥር የሚከፈት ክዳን አደርጋለሁ። ብዙ የሚጋግር ቤት በየወሩ ጥቀርሻውን ያራግፍ፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ቱቦው እስከ ላይ ይጠረግ፤ እርጥበት ያገኘ ጥላሸት ዚንኩን ይበላዋል። ለዚህ ብሩሽ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መላክ አያሻም፤ ረጅም ሸምበቆ ጫፉ ላይ ጆንያ ተጠቅልሎ ይበቃል። የሚጠርገው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ቱቦው ሳይበርድም አይጀምር።