የትከሻ ሕመምና የእንቅስቃሴ ሕክምና፦ አገልግሎት ፈላጊዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ልብስ ማስጣት፣ ነጠላ መደረብ ወይም ከመደርደሪያ ዕቃ ማውረድ የተሳነው ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚወስደው እርምጃ ክንዱን ከሥራ ማሳረፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ዕረፍቱ ለሳምንታት ሲዘልቅ ግን ጡንቻው ይዳከማል፣ መገጣጠሚያውም ይጠጥራል፤ በሕመም የተጀመረው ችግር ክንድን ማንሳት ወደ አለመቻል ይሸጋገራል።

ትከሻ ከሌሎች መገጣጠሚያዎች ሁሉ የላቀ የእንቅስቃሴ ስፋት አለው። የክንድ አጥንት ራስ የሚያርፍበት የብራኳ ጉድጓድ ጥልቀት ስለሌለው፣ መገጣጠሚያውን በቦታው የሚያጸኑት በዙሪያው የሚገኙ 4 ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። አብዛኛው የትከሻ ሕመም የሚመነጨውም ከእነዚሁ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሕመም ቀዳሚው ሕክምና ቀዶ ጥገና ሳይሆን፣ ጅማቱ ጭነትን ደረጃ በደረጃ እንዲለማመድ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ነው።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ሕመም አለ። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ትከሻው ቀስ በቀስ እየደረቀ ሄዶ፣ ሌላ ሰው ክንዱን ሊያነሳለት ቢሞክር እንኳ አልነሳ ይላል። ይህ በስኳር ሕሙማን ላይ በብዛት ስለሚታይ፣ ትከሻው ያለ ምክንያት የደረቀበት ሰው የደም ስኳሩን ቢመረመር ይመከራል። ሕመሙ ከ1 እስከ 3 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ትዕግሥትን ይጠይቃል። በኃይል መጎተት ያባብሰዋል እንጂ አያፈታውም።

ለእንቅስቃሴው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመጀመሪያ በደህናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎና ጎንበስ ብሎ የታመመውን ክንድ ወደ ታች በማንጠልጠል በዝግታ ማወዛወዝ ይቻላል። ቀጥሎም ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በጣቶች ግድግዳውን እየዳሰሱ ክንድን እስከሚችለው ከፍታ ማውጣት ነው፤ የደረሱበትን በእርሳስ ምልክት ቢያደርጉ ለውጡን ለመከታተል ይረዳል። ሕመሙ ሲቀንስ ደግሞ ክርንን ከጎን ጋር አጣብቆና አጥፎ፣ ከበር እጀታ ጋር የታሰረ ላስቲክ ወደ ውጭ መሳብ ጡንቻውን ያጠነክራል።

«ካመመኝ ላቁም ወይ?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሳል። በእንቅስቃሴው ጊዜ መጠነኛ ሕመም መሰማቱ ጉዳት መድረሱን አያመለክትም። ሕመሙ እስከ ማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ መቀጠል ይቻላል፤ ካደረ ግን መጠኑን መቀነስ እንጂ ጨርሶ መተው አይገባም። ውጤቱንም ቢያንስ ከ12 ሳምንት በፊት መመዘን ተገቢ አይደለም። ከዚያ በፊት የሚያቋርጡ መኖራቸው ያሳዝናል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚገኙት በሆስፒታሎች በመሆኑ፣ ከሩቅ ለሚመጣ ታካሚ የመመላለሱ ወጪ ቀላል አይደለም። በዚህ ረገድ በእንግሊዝ አገር በ708 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ትኩረት የሚስብ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በቂ ምክርና የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ መመሪያ ያገኙት ታካሚዎች፣ እስከ 6 ጊዜ ከተመላለሱት ጋር ሲነጻጸሩ በዓመቱ መጨረሻ በውጤት አልተለዩም። ስለሆነም ያለዎት አንድ ቀጠሮ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ እንቅስቃሴውን በባለሙያው ፊት ሠርተው ሳያሳዩ አይውጡ።

አገልግሎቱን ለማግኘት በቅድሚያ በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ መመርመርና እንደ አስፈላጊነቱ የሪፈራል ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ይህን ቅደም ተከተል ሳይጠብቁ በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄዱ ወጪውን ራሳቸው ለመሸፈን ሊገደዱ ይችላሉ።

ወጌሻ በኅብረተሰባችን ዘንድ ያለው ከበሬታ የሚታወቅ ነው። ይሁን እንጂ ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ የታመመ ትከሻ የራጅ ምርመራ ሳይደረግለት መታሸትም ሆነ መጎተት የለበትም፤ አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ ነርቭና የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል።

ትኩሳት ያለበት እብጠትና መቅላት፣ የእጅ መደንዘዝና መዛል፣ ያልታሰበ የክብደት መቀነስ ወይም ሌሊት ፋታ የማይሰጥ ሕመም ካለ እንቅስቃሴ ከመጀመር በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከደረት ሕመም፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ የትከሻ ሕመም ከልብ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።